ለግብር ሰብሳቢው ድሃ፣ ለኤምባሲው ሀብታም

ባለፈው ጥር አጋማሽ ደምበጫ ላይ አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን በር ላይ ቆሜ ነበር። ጤፉና በቆሎው በጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ባለመጋዘኑ ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጉ፣ በከተማው የተከበሩ፣ አንድ አይሱዙና ሁለት ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። ሴት ልጃቸው ካናዳ ከሚገኝ አንድ ኮሌጅ የመግቢያ ደብዳቤ መጥቶላታል። ደብዳቤውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝና፣ «ልጄ፣ አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል ይሉሃል። ይኼ ሁሉ ጆንያ ገንዘብ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«ገንዘብ ነው ጋሼ፤ ወረቀት ግን አይደለም» አልኳቸው።

መልሱ አላስደሰታቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔንም አላስደሰተኝም። የውጭ ትምህርት ቪዛ ሲነሳ ብዙ ወላጅ የሚጨነቀው ስለ እንግሊዝኛ ፈተናውና ስለ ቃለ መጠይቁ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን የነጋዴ ልጅ ብዙውን ጊዜ የምትወድቀው ከዚያ አስቀድሞ፣ አባት ለገቢዎች ባስገቡት ወረቀትና ለኤምባሲው በሚያስገቡት ወረቀት መካከል ነው። በአንዱ ላይ ድሃ ናቸው፤ በሌላው ላይ ሚሊየነር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ የመጀመሪያው ሰው የቪዛ መኮንኑ ነው።

እስቲ የሚጠየቀውን ገንዘብ እንመልከት። ካናዳ ለአንድ ተማሪ የአንድ ዓመት ኑሮ ይበቃል ብላ የምትጠይቀው ለረጅም ጊዜ 10,000 የካናዳ ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መግቢያ 20,635 አደረገችው፤ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ 22,895 ሆነ። የትምህርት ክፍያውና የአውሮፕላን ትኬቱ ከዚህ ውጭ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ባወጣችው መጠን ለንደን ለሚማር በወር 1,529 ፓውንድ፣ ከለንደን ውጭ ለሚማር 1,171 ፓውንድ፣ እስከ ዘጠኝ ወር ታስባ ትጠይቃለች። አሜሪካ ቁርጥ መጠን የላትም፤ ኮሌጁ አይ-20 በሚባለው ቅጽ ላይ የጻፈውን የአንድ ዓመት ወጪ መሸፈን እንደሚቻል ማሳየት ነው። ቅጹን ለማግኘትም ኮሌጁ ራሱ አስቀድሞ የባንክ ማስረጃ ይጠይቃል።

ይህን ወደ ብር ስንመልሰው ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ 140 ብርን ተሻግሯል። 20,000 ዶላር ለማሳየት ያኔ 1,140,000 ብር ይበቃ ነበር፤ በ140 ብር ሒሳብ 2,800,000 ብር ይፈጃል። ልጅቱ በሁለት ክፍል ከፍ ስትል ወጪዋ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። «የእህሉም ዋጋ አብሮ ጨምሯል» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጨምሯል። ነገር ግን ነጋዴው ያንኑ ያህል ጆንያ ለመግዛት፣ ያንኑ አይሱዙ በነዳጅ ለመሙላት የሚያስፈልገው ብርም አብሮ ጨምሯል። ዋጋ ሲወጣ ሀብት የጨመረ ይመስላል እንጂ ከንግዱ ተነጥሎ ለልጅ ትምህርት የሚወጣው ገንዘብ በዚያው ልክ አያድግም።

እንግዲህ ደላላው የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። የዚህ ገጽ አንባቢ ሁሉንም ዓይነት ድለላ ያውቃል፤ የቤት፣ የመኪና፣ የእህል። የባንክ ሒሳብ ድለላ የሚባልም አለ። ሥራ ያልያዘ ገንዘብ ያለው ሰው ይፈለጋል፤ ገንዘቡ በአባት ስም ገቢ ይደረጋል፤ ባንኩ የቀሪ ሒሳብ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ወር ሲሞላ ገንዘቡ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ኪራዩ እንደ ሰውየውና እንደ ችግሩ ነው። እንበልና በወር 3 በመቶ ቢሆን፣ ለ2,800,000 ብር 84,000 ብር ይከፈላል። የተገዛው ዕቃ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

ኪራዩ ለምን ለአንድ ወር እንደሚለመድ ሳስብ የእንግሊዝ ደንብ ይታየኛል። ደንቡ ገንዘቡ ለተከታታይ 28 ቀን በሒሳቡ ላይ ይቀመጥ፣ የመጨረሻው ቀንም ማመልከቻው ከገባበት በፊት ከ31 ቀን አይራቅ ይላል። ደላላው ይህን ለሁሉም አገር የሚሠራ ሕግ አድርጎ ይሸጠዋል። አይደለም። ካናዳ የአራት ወር የባንክ እንቅስቃሴ ታያለች። የአሜሪካ ቆንስል ደግሞ ቀን አይቆጥርም፤ «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ይላል። ሦስት ወር ሙሉ ከ40,000 ብር ያልዘለለ ሒሳብ አንድ ማክሰኞ ቀን ድንገት 2,800,000 ብር ሲገባበት ለማየት የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የቀሪ ሒሳብ ደብዳቤው ይህን ይደብቃል፤ ስቴትመንቱ ግን ያወጣዋል።

ውጤቱ መከልከል ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ንግድ ኪሳራ ይታለፍ ነበር። ለአሜሪካ ቪዛ 185 ዶላር፣ ሴቪስ ለሚባለው የተማሪ ምዝገባ 350 ዶላር፣ በጠቅላላው 535 ዶላር፣ በ140 ብር 74,900 ብር ከኪስ ወጥቷል ማለት ነው፤ የቪዛው ክፍያ አይመለስም። የባሰው ማታለል ተብሎ ሲመዘገብ ነው። ካናዳ ለአምስት ዓመት ትዘጋለች። እንግሊዝ እስከ አሥር ዓመት። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ልዩ ይቅርታ ካልተገኘ በቀር ለዕድሜ ልክ ነው። ቅጣቱ የሚጻፈው በአሥራ ስምንት ዓመቷ ልጅ ስም ነው፤ በደላላው ስም አይደለም፤ በአባቷም ስም አይደለም።

ነገር ግን ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ወረቀቱ ለምን ቀጨጨ? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ደረጃ ሐ ያላቸውን ግብር ከፋዮች የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ አላስገደዳቸውም ነበር፤ በቁርጥ ይከፍሉ ነበር። ቁርጡ በግምት ነው፤ ግምቱም በገማቹ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው እንደነበር አንባቢ አይዘነጋውም። በእንዲህ ዓይነት ሥርዓት ውስጥ የኖረ ሰው ሽያጩን በባንክ ማሳለፍ ትከሻውን ለግምት ማመቻቸት ይመስለዋል። የደምበጫው ሰውዬም ያሉኝ ይህንኑ ነው፤ «ዘንድሮ እውነቱን ብናገር ለከርሞ እጥፉን ይቆልሉብኛል። ለልጅቱ ብዬ ሱቄን ልዝጋ?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ግለሰብ ነጋዴ ከትርፉ በከፍተኛው እርከን 35 በመቶ ግብር ይከፍላል። በሁለት ዓመት ውስጥ እውነተኛውን ገቢ ማሳወቅ ብዙ መቶ ሺህ ብር ሊያስወጣ ይችላል። ያም ሆኖ እኔ የምለው ይህንን ወጪ ከትምህርት ወጪው ጋር ደምሩት ነው። ልጅን ውጭ ለማስተማር የወሰነ ነጋዴ ልጁ አሥረኛ ክፍል ስትገባ ሽያጩን በባንክ ማሳለፍ፣ መዝገብ መያዝና ግብሩን በዚያው ልክ መክፈል ይጀምር። ያኔ የግብር ክሊራንሱና ስቴትመንቱ ተመሳሳይ ነገር ይናገራሉ። ዕቁብም ቢሆን በጥሬ ገንዘብ ከመቀባበል በባንክ ቢተላለፍና የዕቁቡ ዳኛ ደብዳቤ ቢጽፍ ምንጩ ይታወቃል። ይህን ለማድረግ ጊዜ ያለፈበት ሰው ደግሞ ያለውን ንብረት ሸጦ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ አጽድቆ ገንዘቡን ማስገባት ይችላል። ድንገት የገባ ብዙ ገንዘብ ወንጀል አይደለም፤ አባት የሌለው ገንዘብ ነው የሚያስጠረጥረው።

«ስለዚህ ካሉዎት ሁለት ቤቶች አንዱን ይሽጡ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ልጅቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ከእሷ በታች ሁለት ወንድሞች አሉ።

አንድ ነገር ግን እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ታየኝ፤ ለእህል ነጋዴ ሁሉ የሚጠቅም ይመስለኛል። ሰውየው በታኅሣሥና በጥር ይገዛሉ፤ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዋጋ ሲወጣ ይሸጣሉ። ለመስከረም የሚጀምር ትምህርት ግን ኮሌጆች የገንዘብ ማስረጃ የሚጠይቁት ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ይህ ደግሞ የነጋዴው ብር በሙሉ ጆንያ ውስጥ ያለበት፣ የባንክ ሒሳቡ ከዓመት ዓመት ባዶ የሚሆንበት ወቅት ነው። ካናዳ ውስጥ ብዙ ኮሌጆች በፈረንጆቹ ጃንዋሪም ተማሪ ይቀበላሉ። ለጃንዋሪ የሚቀርበው ስቴትመንት የሰኔን፣ የሐምሌንና የነሐሴን ሽያጭ ያሳያል። ያው ሰው፣ ያው ሀብት፤ ወሩ ብቻ ተቀየረ። ይህን የሚነግር ደላላ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ምክንያቱም ኪራይ የለውም።

ጀርመን በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ ይዛለች። ተማሪው 11,904 ዩሮ በራሱ ስም በተዘጋ ሒሳብ ያስቀምጣል፤ እዚያ ሲደርስ በወር 992 ዩሮ ይለቀቅለታል። ጨካኝ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉም ሐቀኛው እሱ ነው እላለሁ። የተከራየ ገንዘብ እዚያ አይሠራም፤ የተገኘው ደግሞ የተማሪው እንጀራ ይሆናል። ችግሩ ዩሮውን ከየት ማግኘት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ባንኮች ዋጋውን ከደንበኛ ጋር ተስማምተው ይሸጣሉ፤ ከባንክ ውጭ ያሉ የምንዛሪ ቢሮዎችም በ2017 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝተዋል። የኮሌጅ ክፍያ ግን በጥሬ ዶላር አይከፈልም፤ በባንክ መተላለፍ አለበት። ወረፋው የሰለቸው ወላጅ በሐዋላ ዱባይ ባለ የማያውቀው ሰው ሒሳብ ያስከፍላል። ኮሌጁ ከፋዩን ሲጠይቅ ተማሪው ስሙን እንኳ አያውቅም። ተራ ይጠበቅ፤ ውድ ቢሆንም በባንክ ይሁን።

ሌሎቹ ወረቀቶች በገንዘብ አይገዙም፤ ልፋት ግን ያስከፍላሉ። በልደት ምስክር ወረቀት፣ በትምህርት ማስረጃና በፓስፖርት ላይ ያለው ስም በፈረንጅ ፊደል አንድ ዓይነት ካልሆነ ሦስት ልጆች ይሆናሉ። የልደት ቀን ሲቀየር እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት እንደሚጨመር ረስቶ የጻፈ ጸሐፊ ልጅቱን በአንድ ዓመት ያስረጃታል ወይም ያሳንሳታል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህን በግማሽ ቀን ያስተካክላል። የደምበጫ ሰው ግን ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ጦርነት የሞባይል ኢንተርኔቱ ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት ቆይቷል። የኤምባሲ ቀጠሮ ደግሞ መንገድ ተዘጋ ብሎ አይጠብቅም። ቀጠሮ ያለው ሰው ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢነሳና የአልጋ ወጪውን ከመጀመሪያው ቢያስብ ይሻለዋል።

ጎጃም ለትምህርት ከቤት መውጣት አዲስ ነገር የሆነበት አገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር ሲዞር ኖሯል። ስቴትመንት የጠየቀው ግን አልነበረም፤ የመንደሩ ሰው ያጎርሰው ነበር። የዛሬዋን ተማሪ የሚያጎርሳት አባቷ ብቻ ነው፤ እሱንም ማጉረሱን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላቸው። የልጅቱ መግቢያ ወደ ጃንዋሪ እንዲዛወር ኮሌጁ ፈቅዷል። ሰውየው ከሰኔ ጀምሮ የሚሸጡትን እህል ገንዘብ በሙሉ በባንክ ለመቀበል ወስነዋል፤ ደላላውንም መልሰውታል። ቤቱንም ለመሸጥ ልባቸው ቆርጦ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ነበር። ካርታው ከተከፈተ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በሞቱት አባታቸው ስም ተመዝግቦ ተገኘ። የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት አሁን ፍርድ ቤት ናቸው።