ለማራቶን አትቸኩሉ

የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ የመጀመሪያ ማራቶኑን የሮጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ፓሪስ ላይ፣ በ31 ዓመቱ ነው። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴም በ2008 በርሊን ላይ የማራቶን ክብረ ወሰን ሲያሻሽል 35 ዓመቱ ነበር። ሁለቱም አስቀድመው በትራክ ለዓመታት በስለዋል። ዛሬ ግን ብዙ ወጣቶች በሽልማት ገንዘብ ተስበው በቀጥታ ወደ ጎዳና ውድድር ይገባሉ። በእኔ እምነት ይህ ጥድፊያ ጤናን ይጎዳል። ልብና ሳንባ ልምምድን ቶሎ ይለምዳሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። ርቀቱ በድንገት ሲጨምር አጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስለዚህ በአርሲ የምትሮጡ ወጣቶች፣ ቅልጥማችሁ ላይ አንድ ቦታ ሲነካ የሚያም፣ ስትሮጡም የሚብስ ሕመም ካለ ልምምዱን አቁማችሁ ታከሙ፤ በማስታገሻ ሸፍናችሁ አትሩጡ። የወር አበባዋ የቀረባት ሯጭም የምትመገበው ከልፋቷ አንሶ ሊሆን ስለሚችል ትመርመር። ውድድር ከርሞም አለ።