መብራት ሲጠፋ ግንኙነታችን አይጥፋ
ግልጽ ደብዳቤ ለአቦምሳ ነዋሪዎች



የምጽፍላችሁ መብራት በጠፋ ቁጥር የቤታችን ኢንተርኔትና ስልካችን አብሮ ስለሚጠፋበት ችግር ነው። አብዛኞቻችን እንደማይቀር ዕዳ ተቀብለነዋል። እኔ ግን መቀበል የለብንም እላለሁ፤ መፍትሔው በብዙዎቻችን እጅ ነውና።

በመርቲ ወረዳ ስልክ የኑሮ መሣሪያ ነው። ፍራፍሬና ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ከመነሳቱ በፊት የአዳማና የአዲስ አበባ ዋጋ የሚጠየቀው በስልክ ነው። ሒሳቡም በቴሌብር ይገባል። ዓረብ አገር ያለች ልጅ የእናቷን ፊት የምታየው በኢሞ ነው፤ እሱም ከሥራ ፋታ ባገኘችበት ሰዓት ብቻ። ምጥ ለያዛት ሴት አምቡላንስ የሚጠራውም በስልክ ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት በጨለማ ካለፈ መብራቱ ሲመለስ አይተካም።

መንግሥት ኃይል እያበዛ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ እያበዛ ነው። በግንቦት 2011 አገሪቱ ወደ መብራት ፈረቃ የገባችው የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ በመቀነሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። በዞናችንም በኢተያ አቅራቢያ የነፋስ ተርባይኖች ተተክለዋል። ነገር ግን ኃይሉ እኛ ቤት የሚደርሰው በረጅም መስመር፣ በምሰሶና በሰፈር ትራንስፎርመር በኩል አልፎ ነው። ነፋስ ሽቦ ከሽቦ ሲያነካካ፣ ዛፍ ሲወድቅ ወይም ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን፣ ግድቡ ሞልቶም ሰፈራችን ይጨልማል። መስመሩን ማደስ ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የእኛ ዝግጅት ግን እሱን መጠበቅ የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መብራት ሲሄድ ኔትወርኩ ወዲያው አይሞትም። የቴሌ ጣቢያዎች መጠባበቂያ ባትሪ አላቸው፤ ታወሮችም ባትሪ፣ አንዳንዶቹ ጀነሬተር ጭምር አላቸው። ወዲያው የሚሞተው እኛ ሶኬት ላይ የሰካነው ራውተር ነው። የድሮው ባለገመድ ስልክ በጨለማም ይሠራ የነበረው በመዳቡ ሽቦ ከጣቢያው ባትሪ 48 ቮልት ስለሚደርሰው ነበር። ፋይበር ግን ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይሸከምም፤ ስለዚህ ቤት ያለው ሳጥን የራሱን ኃይል ይፈልጋል። የሚፈልገው ደግሞ በጣም ጥቂት ነው።

የራውተራችሁን አዳፕተር ገልብጡና ጽሑፉን አንብቡ። 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ቢል ከ12 ዋት በላይ አይወስድም ማለት ነው፤ በተግባር ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ውሃ በመጣ ሰዓት ጄሪካን እንደምንሞላ ሁሉ፣ መብራት ባለበት ሰዓት ይህን ያህል ጥቂት ኃይል በባትሪ ማስቀመጥ ይቻላል።

አማራጮቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ለራውተር ተብሎ የሚሸጠው ትንሹ ዩፒኤስ (ባለባትሪ መጠባበቂያ) ነው፤ በራውተሩና በአዳፕተሩ መካከል ይገባል፤ መብራት ሲጠፋ ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ራሱ ይረከባል። ሁለተኛው ፓወር ባንክ ላይ ተሰክቶ 5 ቮልቱን ወደ 12 ቮልት የሚያሳድግ ገመድ ነው። ሦስተኛው ለኮምፒዩተር የሚያገለግለው ትልቁ ዩፒኤስ ሲሆን ይሠራል፤ ግን የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት ለውጦ አዳፕተሩ መልሶ ወደ 12 ስለሚያወርደው ብዙ ያባክናል። ስትገዙ በሚሊአምፔር ቁጥር ብቻ አትታለሉ። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል። የሚባክነውን ቀንሳችሁ 60 ቢቀር፣ 8 ዋት የሚወስድ ራውተር ሰባት ሰዓት ያህል ያሠራል። ከመሰካታችሁ በፊት የቮልቱ ቁጥርና የመሰኪያው ልክ አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ ራውተራችሁ 9 ቮልት ከሆነ የ12 ቮልት ገመድ ሊያቃጥለው ይችላል።

የመብራት መጥፋት ሲረዝም የታወሩም ባትሪ ያልቃል። ያኔ ስልክ ደካማ ኔትወርክ ለመያዝ ሲታገል ባትሪውን ይጨርሳል። ኔትወርክ ከሌለ የአውሮፕላን ሞድ ውስጥ አስገቡትና ከቤተሰብ ጋር በተስማማችሁበት ሰዓት ብቻ ክፈቱት። ኢንተርኔት እምቢ ሲል ጥሪና አጭር መልእክት ሊያልፍ ይችላል፤ ቴሌብርም በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ይህን ቁጥር ለአባቶችና ለእናቶች ዛሬውኑ አሳዩአቸው።

ስለ ደኅንነት ደግሞ አደራ እላለሁ። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ፍሪጅና ቴሌቪዥን ነቅላችሁ ቆዩ፤ ጥቂት ደቂቃ ከረጋ በኋላ ሰኩ። አካባቢያችን ቆላ ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ፀሐይ ላይ ወይም ከጋለ ቆርቆሮ ሥር አይቀመጥም፣ ትራስ ሥርም ቻርጅ አይደረግም። መጠባበቂያችሁ የመኪና ባትሪ ከሆነ ስትሞሉት መስኮት ክፈቱ። ጀነሬተር ደግሞ በፍጹም ቤት ውስጥ አይነሳ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት።

ባትሪ መግዛት የማይችል ጎረቤት እንዳለ አውቃለሁ። ሶላር ወይም ባትሪ ያላችሁ ስልኩን ቻርጅ አድርጉለት፤ ለአስቸኳይ ጉዳይም ዋይፋያችሁን ክፈቱለት። ዕድርና ዕቁብ ያቋቋመ ሕዝብ ለሰፈር አንድ ባትሪ በጋራ መግዛት አያቅተውም።

የቀረው የመብራትና የስልክ ድርጅቶቹ ድርሻ ነው። መብራት ሲጠፋ ለመብራት ድርጅቱ በ905 ደውላችሁ አስመዝግቡ፤ ያልተመዘገበ ብልሽት ሊዘነጋ ይችላል። ታወር በየጊዜው ከመብራት ጋር አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ለአገልግሎት ሰጪው በጋራ አመልክቱ፤ ካልመለሰላችሁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። ቀንና ሰዓት የያዘ ማመልከቻ ከምሬት ይልቅ ይሰማል።

ልመናዬ አንድ ነው። በዚህ ሳምንት መብራት ባለበት ሰዓት የራውተራችሁን አዳፕተር አንብቡ፤ የሚስማማውን ባትሪ አፈላልጉ፤ ከገዛችሁ በኋላ ሶኬቱን ነቅላችሁ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ፈትኑ። የሠራላችሁን ለጎረቤታችሁ አስተምሩ።