አዲሱ እህልና የነበረው ምጣድ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ አካባቢ ሲደርስ ግራና ቀኙን የሚያየው ለጥ ያለ ሜዳ የፎገራ ሜዳ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ወደ ጣና ከመግባታቸው በፊት በዚህ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ከዚህም የተነሣ ውሃ በተኛበት መሬት ላይ በክረምት እህል መዝራት አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቶ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ እንዲሞከር ሲያደርጉ እህሉ ለአካባቢው ገበሬ እንግዳ ነበር። ዛሬ ፎገራ በሀገራችን ስመ ጥር ከሆኑት የሩዝ አምራች አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚያው ወረታ ነው።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሡት ባለሙያዎችና ገበሬዎች ናቸው። በዚህ ዓምድ ግን ማንሣት የምንፈልገው ስለ እናቶቹ ነው። አዲሱ እህል ጎተራ ከገባ በኋላ ምግብ መሆን የነበረበት በእነርሱ እጅ ነውና። የሩዝ ዱቄት ብቻውን ቢጋገር እንጀራው ቶሎ ይደርቃል፤ ይሰባበራል። እናቶቹ ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው አቦኩትና ነጣ ያለ፣ የሚጠቀለል እንጀራ አወጡበት። ጠላና አረቄም ከሩዝ መሥራት ቻሉ። ዛሬ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥም ከጤፍ ጋር ሩዝ ቀላቅላ የምትጋግር የቤት እመቤት ጥቂት አይደለችም።

እናቶቹ ምጣዱን አልሰበሩም፤ ጤፉንም አልጣሉም። ሩዙንም «የእኛ እህል አይደለም» ብለው አልመለሱም። አዲሱን በነበረው ላይ ጨመሩት። ከኑሮ ለውጥ ጋር በደህና መላመድ ማለትም ይኸው ነው።

በከተማ የምንኖር እናቶችና ሠራተኞችም ለውጥ ይገጥመናል። ባል ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል፤ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይቀንሳል፤ የመጀመሪያ ልጅ ይወለዳል፤ የመጨረሻው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባና ቤቱ ጭር ይላል፤ ጡረታ ይደርሳል። ባሕር ዳር ራሷ ከዚህ ዓይነቱ ለውጥ ጋር ያደገች ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ፀሐይን አይቶ መነሣትና መተኛት ለለመደ ሰው በፈረቃ መሥራት አዲስ ነገር ነበር። ሌሊት ለምትሠራ እናትም ልጇን ማን እንደሚይዝላት ማሰብ የፈረቃው አንዱ ሥራ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ የሄደውንና የቀረውን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። በዝውውር ምክንያት ቤትና ጎረቤት ይለወጥ ይሆናል፤ የልጆች የመኝታ ሰዓት፣ አብሮ የመብላት ልማድ፣ የእሑድ ቡና ግን አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ልጆች በአዲስ ቦታ የሚረጋጉት በእነዚህ ነው። ትምህርት ቤት የቀየረ ሕፃን ምግብ ቢተው ወይም አልጋው ላይ ቢሸና ሊቆጡት አይገባም፤ ጊዜ ይስጡት።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ገቢ የቀነሰ እንደሆነ ወጪውን በወረቀት ጽፎ የቤት ኪራይ፣ የዱቄትና የትምህርት ቤት ወጪ እንዲቀድም ማድረግ ያስፈልጋል። ዕቁብ ያለባት እናት ተሰውራ ከምትቀር ቀድማ ለዳኛው ችግሯን ብትነግር መፍትሔ ልታገኝ ትችላለች። እድር ግን በችግር ጊዜ የሚፈለግ ስለሆነ መቋረጥ የለበትም።

ሦስተኛው፣ አዲሱን በጥቂቱ መሞከር ነው። ከሥራ ስትሰናበት ያገኘችውን ገንዘብ በሙሉ ባልሞከረችው ንግድ ላይ ያዋለች ሴት፣ ሳትለምደው ሙሉ ቡሖ በሩዝ ብቻ እንዳቦካች ናት። በጥቂት ብር ጀምሮ ገበያውን አይቶ መጨመር ይሻላል። ጎረቤትን መጠየቅም ውርደት አይደለም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ለውጥ ይለመድ ማለታችን አይደለም። ለዚህም ማስረጃው ከዚያው ከጣና ይገኛል። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው እምቦጭ በሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። አበባው ሲያዩት ደስ ይላል። ነገር ግን በተመቸው ቦታ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ ዓሣውን አየር ያሳጣል፤ ጀልባና ታንኳ ያግዳል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው። የጣና ዳር ሰው «እንልመደው» ቢል ኖሮ ዓሣውም መንገዱም ይቀርበት ነበር። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም.ም የአንድ ወር የነቀላ ዘመቻ ተካሂዷል። አረሙ አልቆ አልጠፋም፤ ግን አልተለመደም።

በቤታችንም እንዲሁ እምቦጭ አለ። የባል ዱላ ለውጥ ነው ተብሎ አይለመድም። ኑሮ ከበደ ተብሎ ሴት ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት፣ ያለ ዕድሜዋ መዳርም አይለመድም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎታል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም. ይህንኑ ደንግጓል። «ቻይው፣ ትለምጅዋለሽ» የሚል ምክር ከእናት ቢመጣም፣ ከጎረቤት ቢመጣም ትክክል አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት እህት ለምታምነው ሰው፣ ከዚያም ለሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤትና ለፖሊስ ማመልከት ይገባታል።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ አዲስ ነገር ወደ ቤታችሁ ሲገባ አስቀድማችሁ አንድ ነገር ጠይቁ። ከነበረው ጋር ቢቀላቀል ቤተሰቡን የሚመግብ ነው ወይስ ቀስ በቀስ አየር የሚያሳጣ? የመጀመሪያው ከሆነ በትዕግሥት አብኩት። ሁለተኛው ከሆነ ግን ሥር ሳይሰድ፣ ብቻችሁን ሳይሆን ከሌሎች ጋር ሆናችሁ ንቀሉት።