የምትገዙት ዓሣ ስሙ ማን ነው?

ጤፍ ስንገዛ ነጭ ነው ሠርገኛ እንላለን። ዘይት ስንገዛ የኑግ ነው የሱፍ ብለን እንጠይቃለን። ዓሣ ላይ ስንደርስ ግን «ዓሣ አለ?» ብለን ከፍለን እንሄዳለን። እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና ስሙ ሳይነገር የሚሸጥ ነገር ያሳስበኛል።

እኛ ወለንጪቲ የምንኖር ዓሣ ሲያምረን ወደ አዳማ ወይም ወደ ቆቃ ብቅ እንላለን። ከቆቃ ሐይቅ ብቻ አራት ዓይነት የሚበላ ዓሣ ይወጣል። ለመለየት ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ቅርፊቱን፣ ፂሙንና የጀርባ ክንፉን።

ቆሮሶ ሰውነቱ ሰፋ፣ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ቅርፊት አለው፣ ፂም የለውም። የጀርባ ክንፉ ረጅምና እሾሃማ ሲሆን ጅራቱ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ።

አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ያሙለጨልጫል። ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ ፂሙ ስምንት ነው።

የሚያምታቱት ካርፕና ነጭ ዓሣ ናቸው። (ነጭ ዓሣን ቢልጫ የሚሉትም አሉ።) ሁለቱም ቅርፊት አላቸው፤ ሁለቱም አፋቸው ዙሪያ አራት አጫጭር ፂም አላቸው። መለያው የጀርባ ክንፉ ነው፤ የካርፕ ረጅም፣ የነጭ ዓሣ አጭር ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ልጆች ላሉት ቤት በጣም ይጠቅማል። ቆሮሶና አምባዛ በወጉ ፊሌቶ ከወጣላቸው አጥንታቸው አብሮ ይወገዳል። ካርፕና ነጭ ዓሣ ግን ሥጋቸው ውስጥ እንደ ባላ የተከፈሉ ቀጫጭን አጥንቶች አሏቸው፤ ፊሌቶ ሆነውም አጥንቱ እዚያው ይቀራል። ጭንቅላቱና ቆዳው ከተወገደ በኋላ ደግሞ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ይከብዳል። ስለዚህ ዓሣውን ሙሉውን ሳለ አይታችሁ፣ ፊት ለፊታችሁ ይበለትላችሁ። ለሕፃን ከሆነ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ምረጡ፤ ያም ቢሆን ከማጉረሳችሁ በፊት በጣታችሁ ዳስሱት።

የስም ነገር ከሳህናችንም ያልፋል። በጣና ሐይቅ ያሉትን ትልልቅ ነጭ ዓሣዎች አንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ሁሉንም አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የአፋቸውን ቅርጽ፣ የሰውነታቸውን ልክና አመጋገባቸውን እያነጻጸሩ መረመሩ። ዛሬ 15 ዝርያዎች መሆናቸው ይታወቃል፤ ከነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ መረብም እዚያው ወንዝ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። ገበያው ግን ሁሉንም «ነጭ ዓሣ» ይላቸዋል። በአንድ ስም ከሚጠሩ 15 መካከል አንዱ ቢጠፋ ማን ያስተውላል?

እናንተም በሚቀጥለው ገበያ ከዋጋው በፊት ስሙን ጠይቁ። ገዢ ስም ሲጠይቅ ሻጭም በስሙ መሸጥ ይለምዳል።