ሰውየው እግረ ደረቅ ነበር?



ባለፈው እሁድ አክስቴ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ታናሽ ወንድሜ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ስምንት ዓመት የሠራበትን መሥሪያ ቤት ትቶ ይሻላል ያለው ሌላ ቦታ ገባ። እሱ በወጣ በስድስተኛው ወር የድሮ መሥሪያ ቤቱ ደመወዝ ጨመረ፤ ለሠራተኞቹም ጠቀም ያለ ቦነስ ሰጠ። አዲሱ ደግሞ ሠራተኛ መቀነስ ጀመረ። አሁን ሦስተኛ ቦታ ጠርቶታል፤ መልሱን እስከ አርብ ማሳወቅ አለበት። አክስቴ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲኒያቸውን ቁጭ አደረጉና፣ «እኔ ልጄ፣ እግርህ ደረቅ እንዳይሆን እፈራለሁ። ባለህበት ብትቀመጥ አይሻልህም?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም።

ያኔ ነው ማሪያን ሆሳ ትዝ ያለኝ። ስሙን ሰምታችሁት ላታውቁ ትችላላችሁ። የስሎቫኪያ ሰው ነው፤ ሥራው የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ነበር። ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ፦ በበረዶ ሜዳ ላይ በስኬት ጫማ እየተንሸራተቱ፣ ጫፉ በታጠፈ ዱላ ፓክ የሚባል ጠፍጣፋ ድቡልቡል ጎማ ወደ ጎል የሚመቱበት ነው። ከእያንዳንዱ ቡድን አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ሜዳ ላይ ይሆናሉ። የዓለም ምርጦች የሚሰበሰቡት በሰሜን አሜሪካው ሊግ ሲሆን፣ የሊጉ ዋንጫ ስታንሊ ካፕ ይባላል። ለፍጻሜ የሚደርሱት ሁለት ቡድኖች እስከ ሰባት ጊዜ ይገናኛሉ፤ አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል።

ሆሳ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ያደገው ትሬንቺን በምትባል፣ ቋጥኝ ላይ የቆመ ጥንታዊ ግንብ ቁልቁል በሚያያት ከተማ ነው። አባቱ ፍራንቲሼክ የሆኪ ሰው ነበሩ፤ ኋላም የስሎቫኪያን ብሔራዊ ቡድን አሠልጥነዋል። ታናሽ ወንድሙ ማርሴልም እዚያው የአሜሪካ ሊግ ድረስ ተጫውቷል። አባት የሚያውቀውን ሥራ ለልጆቹ ያወረሰበት ቤት ነው ማለት ይቻላል።

በ1997 የካናዳው ኦታዋ ሴናተርስ መረጠው። እዚያ አድጎ ኮከብ ሆነ። በ2005 አዲስ የሦስት ዓመት ውል ፈረመ፤ በፈረመበት በዚያው ዕለት ክለቡ በሌላ ተጫዋች ለውጦ ወደ አትላንታ ላከው። ቅጥር የሆናችሁ ሁሉ እዚህች ላይ ቆም በሉ። ቀለሙ ሳይደርቅ ማለት ይኼ ነው። ሆሳ ግን አትላንታ ሄዶ ሥራውን ሠራ፤ በ2006/07 የውድድር ዘመን 43 ጎል አግብቶ 57 አመቻቸ።

እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

በየካቲት 2008 አትላንታ ለፒትስበርግ አሳልፎ ሰጠው። ፒትስበርግ የእነ ሲድኒ ክሮዝቢ ቡድን ነው፤ ወጣት፣ ፈጣን። በዚያው ዓመት ለፍጻሜ ደረሱ፤ የገጠማቸው ዲትሮይት ነበር። በስድስተኛው ጨዋታ ዲትሮይት 3 ለ 2 እየመራ የመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ሲቆጠሩ ክሮዝቢ መታ፤ በረኛው የመለሰውን ሆሳ በዱላው ነካው። ፓኩ የጎሉን አፍ ታክኮ አለፈ፤ ሰዓቱም አለቀ። ዋንጫው የዲትሮይት ሆነ።

ክረምቱ ላይ ሆሳ ነፃ ነበር፤ ወደፈለገበት መሄድ ይችላል። ፒትስበርግ የብዙ ዓመት ውል አቀረበለት። እሱ ግን ያን ትቶ የአንድ ዓመት ውል ፈረመ። ከማን ጋር? ከዲትሮይት ጋር! ከወር በፊት ዋንጫ ከነጠቀው ቡድን። ምክንያቱን ሲጠየቅ አልሸሸገም፤ ዋንጫ የማንሣት የተሻለ ዕድል ያለኝ እዚያ ነው ብዬ ነው አለ። እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን የረጅሙን ዘመን ውል ይዤ ቁጭ እል ነበር።

ዓመቱ ጥሩ ሄደለት፤ 40 ጎል አገባ። በ2009 ዲትሮይት እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፒትስበርግ። ትቶት የወጣው ቤት። ሰባቱንም ጨዋታ ተጫወቱ፤ ሆሳ በሰባቱም አንድ ጎል አላገባም። በሰባተኛው ጨዋታ ፒትስበርግ 2 ለ 1 ሲመራ፣ ሊያልቅ አንድ ሴኮንድ ገደማ ሲቀረው ዲትሮይቶች የመቱትን ኳስ የፒትስበርጉ በረኛ በደረቱ ተወርውሮ መለሰው። የዲትሮይት ደጋፊ እቤቱ ሜዳ ላይ ፀጥ አለ። ሆሳም በወጉ መሠረት ተሰልፎ፣ ባለፈው ዓመት አንድ ማልያ ለብሰው የተሸነፉትን፣ አሁን ግን ዋንጫ የበሉትን የድሮ ጓደኞቹን አንድ በአንድ ጨበጠ።

እስቲ ለአፍታ ራሳችሁን እዚያ ሰልፍ ውስጥ አስቡት። ጠዋት ተነሥታችሁ ጋዜጣ ላይ ስማችሁን ስታዩ፣ ዘመድ ሁሉ «ምነው እዚያው በነበረ» ሲል። እንደ አክስቴ አባባል ከሆነ ሰውየው እግረ ደረቅ ነው፤ ከየትም ይሂድ፣ የገባበት ቤት ይጎድላል፣ የወጣበት ይሞላል።

እኔ ግን ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው አንድ ነገር ታየኝ። ሆሳ በ2008 የመረጠው ቡድን በዓመቱ ለፍጻሜ ደርሷል፤ እስከ ሰባተኛው ጨዋታ፣ እስከ መጨረሻዋ ሴኮንድ። ከዚህ በላይ የሰው ግምት ምን ያህል ትክክል ሊሆን ይችላል? የተሳሳተው ስሌቱ አይደለም። የበረኛው ደረት ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው «ብልህ ነው፣ ቀድሞ ያየ ነው» ይለው ነበር። እኛ ቤትም እኮ እንዲሁ ነው። የወንድሜ የድሮ መሥሪያ ቤት ቦነስ ሊሰጥ መሆኑን ሲወጣ የነገረው ሰው አልነበረም። ባወቀው ነገር አስቦ ወሰነ። ውሳኔውን ግን አሁን የምንመዝንበት ያኔ ማንም ባላወቀው ነገር ነው።

በሐምሌ 2009 ሆሳ እንደገና ምርጫ መጣበት። ሰው ሁለት ጊዜ በተከታታይ እንዲህ ከተቃጠለ ሦስተኛውን ይፈራል፤ ወይ ቁጭ ይላል፣ ወይ እልህ ይዞት ይሳሳታል። እሱ ያንኑ የፊተኛውን ጥያቄ ጠየቀ፦ ማን ነው ዋንጫ ሊወስድ የሚችለው? መልሱ ቺካጎ ሆነ፤ በዚያው ዓመት እሱ ራሱ ከዲትሮይት ጋር ሆኖ 4 ለ 1 ያሰናበተው ወጣት ቡድን። የ12 ዓመት ውል ፈረመ። ቺካጎ ዋንጫ ከወሰደ 48 ዓመት አልፎት ነበር። ሆሳም ትከሻው ቀዶ ሕክምና ስለተደረገለት እስከ ኅዳር መጨረሻ አልተጫወተም።

በሚያዝያ 2010፣ ገና በመጀመሪያው ዙር፣ ከናሽቪል ጋር ሁለት ለሁለት ሆነው አምስተኛውን ሲጫወቱ ቺካጎ 4 ለ 3 ይመራ… አይደለም፣ ይመራ የነበረው ናሽቪል ነው። አንድ ደቂቃ ሲቀረው ሆሳ ተጋጣሚውን ከኋላ ገፍቶ ከአጥሩ ጋር አላተመው፤ የአምስት ደቂቃ ቅጣት ተሰጠውና ወደ ቅጣት ሳጥኑ ገባ። የቺካጎ ተስፋ ተቆረጠ። እዚያ መስታወት ኋላ ተቀምጦ ምን ያስብ እንደነበር እሱ ያውቃል። አንድ ሰው ጎድሎባቸው እያለ፣ 13 ሴኮንድ ሲቀረው ፓትሪክ ኬን አቻ አደረገ። ጭማሪው ሰዓት ተጀመረ፤ ሆሳ ቅጣቱን ጨርሶ ከሳጥኑ ወጣ፣ ወደ ጎሉ ሮጠ፣ ፓኩ እግሩ ሥር መጣለት፣ አገባ! ቺካጎ አሸነፈ።

ከዚያ ወዲያ ለፍጻሜ ደረሱ። ሆሳ በተከታታይ ሦስት ዓመት ከሦስት የተለያዩ ቡድኖች ጋር ለፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሰኔ 9 ቀን 2010 ፊላደልፊያን በስድስተኛው ጨዋታ አሸነፉ። በወጉ ዋንጫውን መጀመሪያ የሚቀበለው አምበሉ ነው፤ ቀጥሎ ለማን እንደሚሰጥ የሚመርጠውም እሱ ነው። የ22 ዓመቱ አምበል ጆናታን ቴቭስ ዋንጫውን ከፍ አደረገና ወደ ሆሳ ሄዶ አስረከበው። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ልጁ አውቆታል።

አሸናፊ ተጫዋች ሁሉ ዋንጫውን ለአንድ ቀን ወደፈለገበት ይወስደዋል፤ ሆሳም ትሬንቺን ወሰደው። በ2013 እና በ2015 ደግሞ ደገመና ሠለሰ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር፤ አላለቀም። በሰኔ 2017፣ በ38 ዓመቱ፣ ክለቡ ሆሳ በቀጣዩ ዓመት እንደማይጫወት አስታወቀ። እየባሰ የሚሄድ የቆዳ ሕመም ነበረበት፤ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችም ከባድ ጉዳት ያመጡበት ነበር። የሚያስጨንቀው ነገር በየቀኑ የሚለብሰው ትጥቅ ነበር። እንጀራው የሆነው ልብስ ገላውን ጠላው። ከዚያ በኋላ ሜዳ አልገባም። ሲቆጠር 1,309 ጨዋታ፣ 525 ጎል። በ2020 በሆኪ የክብር አዳራሽ እንዲገባ ተመረጠ፤ በኅዳር 2022 ቺካጎ 81 ቁጥር ማልያውን ሌላ ሰው እንዳይለብሰው ሰቀለለት።

ይህን ሁሉ አክስቴ ቤት፣ ቶናው እስኪቀዳ አወራሁ። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ይሰማ ነበር። አክስቴ ስለ ዋንጫውም፣ ስለ ዶላሩም ምንም አላሉም።

«ታዲያ ቆዳው እንዴት ሆነለት?» አሉኝ።

«ትጥቁን ማድረግ ካቆመ ወዲህ ተሽሎታል» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉና ወደ ወንድሜ ዞሩ። «አርብ ነው ያልከኝ? አዲሱ ቦታ ምሳ ያበላሉ?»