ማሲንቆ የታቀፈው ልጅ

ሰኞ ገበያ መሃል አንድ የማውቀው ጎረምሳ ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ አገኘሁት። «ቅዳሜ ለምረቃው ተጫውተን ነበር እኮ ጋሼ፤ አላዩንም?» አለኝ። አይቼዋለሁ። አልሰማሁትም እንጂ። ስድስት ልጆች ማሲንቆና ክራር ታቅፈው መድረክ ላይ ቆመዋል፤ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ግን ከፍላሽ የተለቀቀ ኦርጋን ነው። ይህንኑ ስነግረው አንገቱን ደፋ። «ምን እናድርግ ጋሼ፤ ለእኛ ተብሎ የተጻፈ ነገር የለም።»

ይህ የሚባለው እንግዲህ ወሎ ውስጥ ነው! ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች የሁለቱ ስም የጎረቤቶቻችን አገር ስም ነው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን። እነ ማሪቱ ለገሰ የወጡበት የወሎ ላሊበላ ኪነትም የዚሁ አገር ነው። ልጆቻችን ገሚሱ መንዙማ ሲቀበል፣ ገሚሱ ማኅሌት ሲቆም ያደገ ነው። አንዱ ሲያወጣ ሌላው መቀበልን አዲስ የሚያስተምራቸው የለም።

ደራሲ ጠፍቶ ነው እንዳንል፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ዋሽንተኛ»ን ለኦርኬስትራ ደርሷል። በ1963 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን አንድ መድረክ ላይ አሰባስቦ አጫውቷል። መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው። የዛሬው ወጣት ደራሲ ግን ለማን ይጻፍ? ለዘፋኝ አልበም፣ ለማስታወቂያ። መሥሪያ ቤት ካዘዘውም የሚያዘው ለመፈክሩ ዜማ እንዲያበጅለት ነው።

ሀንጋሪያዊው ቤላ ባርቶክ የገበሬውን ዘፈን በየመንደሩ ዞሮ የሰበሰበ ሰው ነው። ያ ሁሉ ዝና እያለው ከጀማሪ ጣት ተነሥተው እየከበዱ የሚሄዱ 153 አጫጭር የፒያኖ ድርሰቶች ጻፈ። ለልጅ መጻፍ አላሳነሰውም።

«ዜማችን የጆሮ ነው፤ ኖታ ያደርቀዋል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ድጓው ላይ የሰፈረው ምልክት ታዲያ ምንድን ነው? ሊቃውንቱ ዜማን በምልክት መጻፍ ከጀመሩ ዘመናት ተቆጥረዋል፤ ደረቀብን ሲሉ አልሰማሁም።

ሥራው ቀላል ነው አላልኩም። ሦስት ወር የተማረው ሦስት ዓመት ከተማረው ጎን ይቀመጣል። ለጀማሪው አንድ ድምፅ አስይዞ፣ ለበሰለው ዜማውን ሰጥቶ፣ አንዱ ቢጎድል ድርሰቱ እንዲፈርስ አድርጎ ማዋቀር ሙያ ነው። ሙያው የሚገኘው ደግሞ ጽፎ፣ ልጆቹ ሲጫወቱት ሰምቶ፣ አፍሮ፣ እንደገና በመጻፍ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የተማሪ ድርሰት ሲቃና ያየሁት፣ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ሲነበብበት ነበር።

ለአዳራሽ አበባና ለካናቴራ በጀት የሚይዝ ቢሮ፣ ለአንድ ወጣት ደራሲ የአምስት ደቂቃ ድርሰት የሚከፍለው እንዴት ያጣል? ይክፈለው፤ ስሙን ፕሮግራሙ ላይ ይጻፍለት፤ መፈክሩን ግን አይቀጥልበት።

ጎረምሳውን «እስቲ ጨርቁን ፍታው» አልኩት። ገበያ መሃል አይሆንም ብሎ አፈረ። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠግተን በአምባሰል ትንሽ መታልኝ። ሽንኩርት የምትሰፍረው ሴትዮ እጇን አቆመች። ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ከነበርነው አንዳችንም ይህን አልሰማንም።