ከስምንቱ ሰከንድ በፊትና በኋላ

ዴንቨር ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎች በጥር ወር የጥምቀት ፎቶ ስትጠብቁ አንዳንዴ የሚደርሳችሁ ሌላ ነው። ባርኔጣ ያደረገ ሰው ኮርማ ላይ ተቀምጧል፤ ወይም ተቀምጦ የነበረ ይመስላል። ግማሹ ደብዝዟል፣ ከፊት ለፊት የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጭንቅላት ተጋርጧል፣ ከሥር ደግሞ «ሮዲዮ ሄደን ነበር!» የሚል መልእክት አለ። ናሽናል ዌስተርን ስቶክ ሾው የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1906 የተጀመረው የዴንቨር የከብት ትርኢትና ሮዲዮ በጃንዋሪ ስለሚካሄድ ከእኛ በዓል ጋር ይገጣጠማል። የሂውስተኑ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ነው፤ በዋዮሚንግ ግዛት የሚገኘው የሻያን ደግሞ በሐምሌ። እንግዲህ በዚህ ዓመት ዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ፣ ወይም እዚያው ኖራችሁ እስከ ዛሬ ሮዲዮ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ልጆቹንም ካሜራውንም ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ሮዲዮ ቃሉ ስፓኒሽ ነው፤ መክበብ፣ ከብት ከቦ መሰብሰብ ማለት ነው። ጨዋታው የወጣውም ከእረኞች የዕለት ሥራ ነው። አሁን ሁለት ዓይነት ውድድር አለ። አንደኛው በሰዓት የሚለካ ነው፤ ጥጃ በገመድ መያዝ፣ ወይፈን ቀንዱን ይዞ መጣል፣ በሦስት በርሜሎች ዙሪያ በፈረስ መጋለብ። ሁለተኛው ዳኞች ነጥብ የሚሰጡበት ነው፤ በሚፈራገጥ ፈረስ ወይም በኮርማ ላይ ስምንት ሰከንድ መቆየት። ጋላቢው በአንድ እጁ ብቻ ይይዛል። ነፃ እጁ እንስሳውን ወይም የራሱን ሰውነት ከነካ ነጥብ የለውም። ከመቶው ነጥብ ግማሹ የሰውየው ነው፣ ግማሹ ደግሞ የእንስሳው። ይህቺን ልብ በሉ፤ ሰነፍ ኮርማ የደረሰው ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አያሸንፍም። ስለዚህ የሰውየውን ፊት ብቻ አቅርቦ የኮርማውን እግር የቆረጠ ፎቶ ግማሹን ጨዋታ ጥሎታል።

አዲስ ሰው ሁሉ ካሜራውን የሚያነሳው በሩ ሲከፈት፣ የሚያወርደው ደወሉ ሲደወል ነው። የኔ ምክር የመጀመሪያዎቹን አምስትና ስድስት ጋላቢዎች ምንም ሳታነሱ ብቻ እንድታዩ ነው። ትኬት ከፍሎ ለገባ ሰው ይህ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ዓይናችሁን ሜዳው ላይ ሳይሆን በሜዳው ዳር ባለው ጠባብ የብረት ጋጣ ላይ ካሳረፋችሁ የምታዩት ብዙ ነው። ሰውየው ከላይ ወርዶ ኮርማው ጀርባ ላይ ይቀመጣል። ጓንት ያደረገ እጁን በኮርማው ደረት ዙሪያ ከታሰረው ገመድ ሥር ያስገባል፣ ጓደኛው ገመዱን ይወጥርለታል፣ እሱ ጣቶቹ ላይ ይጠቀልለዋል፣ በቡጢ መታ መታ ያደርገዋል። ከዚያ አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስብና ራሱን ይነቀንቃል። በሩ የሚከፈተው በዚያ ንቅናቄ ነው። ሮዲዮ የሚያነሱ ባለሙያዎች የሚጠብቁት በሩን አይደለም፣ ይህንን ነው። ንቅናቄውን ጠብቃችሁ መጫን ከጀመራችሁ የኮርማው የመጀመሪያ ዝላይ አያመልጣችሁም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከዝላዩ ይልቅ ንቅናቄው ራሱ የተሻለ ፎቶ ይሆናል፤ ሰው አልቀረልኝም ብሎ የሚወስንበት ቅጽበት ነውና።

ስለ ካሜራው ባጭሩ። ዝላይን ቀጥ አድርጎ ለማስቀረት ሹተሩ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባይዘገይ ይመረጣል። አዳራሽ ውስጥ መብራቱ ስለማይበቃ አይኤስኦውን ከፍ ማድረግ ግድ ይላል፤ ፎቶው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ቢል ከመደብዘዝ ይሻላል። በስልክ የምታነሱ ከሆነ በተከታታይ ማንሻውን ተጠቀሙ፣ በጣት እየጎተታችሁ ማቅረቡን ግን ተዉት፤ ይልቅ ለጋጣዎቹ ቀረብ ያለ ወንበር ግዙ። ኮርማ አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ ብዙም ሳይርቅ ስለሚሽከረከር ስልክም ይደርስበታል። የበርሜል ግልቢያው የተለየ ነው። ሹተሩን ወደ አንድ ስልሳኛ ሰከንድ አዘግይታችሁ ካሜራውን ከፈረሷ ጋር እኩል አዙሩ፤ ጋላቢዋ ጥርት ትላለች፣ ከኋላዋ ያለው ሕዝብ እንደ ተጎተተ ቀለም ይሆናል። ከአሥር አንዱ ቢሳካ ደስ ይበላችሁ። ፍላሽ አትጠቀሙ። አቧራ ባለበት ሌንስ አትቀይሩ። ብዙ ስታዲየሞች ረጅም ሌንስም ትልቅ ቦርሳም ስለማያስገቡ ደንቡን ከቤት ሳትወጡ እዩት።

አንድ ነገር ግን ባጭሩ አላልፍም። ሰፊ ባርኔጣ ፊት ላይ ጥላ ይጥላል፤ ፊቱ ጠይም ወይም ጥቁር ሲሆንና ከኋላ መብራት ሲኖር ካሜራው ራሱን ካልተቆጣጠሩት ሰውየውን ከሰል ያደርገዋል። ከአገር ቤት የቤተሰብ ፎቶዎቻችሁ ይህን ችግር ታውቁታላችሁ። ስልክ ላይ ፊቱን ንኩና ብርሃኑን ወደ ላይ ጎትቱ፤ ካሜራ ላይ አንድ እርከን ጨምሩ። ዴንቨር በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን የጥቁር አሜሪካውያን ሮዲዮ ስለሚካሄድ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ካውቦይ ሲባል በፊልም የለመድነው ነጭ ሰው ቢሆንም ወይፈን ቀንዱን ይዞ መጣልን የጀመረው ቢል ፒኬት የሚባል የቴክሳስ ጥቁር ካውቦይ እንደሆነ ይነገራል። የወይፈኑን ከንፈር በጥርሱ ነክሶ ነበር የሚጥለው። ልጆቻችሁ ይህን ሲሰሙ የሚያሳዩትን ፊት አንሱልኝ።

አሁን ወደ ደወሉ ልመለስ። ስምንት ሰከንድ ሲሞላ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ካሜራዎች ይወርዳሉ፤ ለጋላቢው ግን ገና አላለቀም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1989 ሻያን ላይ የ25 ዓመቱ ሌን ፍሮስት ስምንቱን ሰከንድ በሚገባ ጨርሶ ከኮርማው ወረደ። ኮርማው ዞሮ ጀርባውን በቀንዱ መታው፤ እዚያው ሕይወቱ አለፈ። ዛሬ ጋላቢዎች ደረታቸው ላይ የምታዩት መከላከያ ሰደርያ ጓደኛው ኮዲ ላምበርት ከዚያ በኋላ የሠራው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በላስ ቬጋስ ሌላው ጓደኛው ተፍ ሄድማን ስምንት ሰከንዱን ሞላ፤ ደወሉ ተደወለ፤ እሱ ግን አልወረደም። ለሞተው ጓደኛው ብሎ ሌላ ስምንት ሰከንድ ጨመረ። ደወሉን ሰምቶ ካሜራውን ያወረደ ሰው ያንን አላገኘውም።

ስለዚህ ከደወሉ በኋላ ዓይናችሁ ሜዳው ላይ ይሁን። የወደቀውን ሰው ለማስጣል በገዛ ሰውነታቸው በኮርማውና በሱ መካከል የሚገቡ ሰዎችን ታያላችሁ፤ ድሮ እንደ ቀልደኛ ይለብሱ ነበር፤ ሥራቸው ግን ቀልድ አይደለም። በፈረሱ ውድድር ደግሞ ሁለት ፈረሰኞች ከሚፈራገጠው ፈረስ ጎን ለጎን እየጋለቡ ጋላቢውን ከኮርቻው ላይ ይቀበሉታል። ጉግስ ያየ ዓይን እዚህ ላይ አይቸገርም።

አንዳንድ ጊዜ ግን የወደቀው ሰው አይነሳም። አዳራሹ ጸጥ ይላል፣ የሕክምና ሰዎች ይሮጣሉ፣ የእናንተ ጣት ደግሞ ማንሻው ላይ ነው። የጋዜጣ ባለሙያ የማንሳት ሥራ አለበት። እኔና እናንተ የለብንም። ያነሳችሁት ካለም ሰውየው በእግሩ ተነስቶ እስኪሄድ ድረስ ከስልካችሁ አይውጣ፤ ለቤተሰብ ግሩፕም ቢሆን። የሰው ሚስት ወይም እናት ወሬውን ከማያውቁት ሰው ፎቶ መስማት የለባቸውም። ልጃችሁ «ሞተ?» ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ ካሜራው ዓይናችሁ ላይ ሆኖ መልስ አይሰጥም።

ስለ እንስሳቱም መጠየቁ አይቀርም። ፈረሱንና ኮርማውን እንዲፈራገጥ የሚያደርገው ከወገቡ ላይ የሚታሰረው ጠፍር ነው ይባላል፤ የሮዲዮ ሰዎች ለዚሁ ተመርጦና ተራብቶ ያደገ እንስሳ ነው ይላሉ፤ የእንስሳት መብት ተሟጋቾች አይቀበሉትም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣ ሕግ ያልተገራ ፈረስን ወይም ኮርማን በገመድ ጠልፎ የመጣል ትርኢትን ከልክሏል። እኔን የሚከብደኝ የጥጃው ነው። እየሮጠ ገመዱ አንገቱ ላይ ሲጠብቅ ወደ ኋላ ይወረወራል፣ ከዚያ ሦስት እግሩ ይታሰራል። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ፈንዲሻ ለመግዛት የምትወጡበት ሰዓት ይህ ይሁን። ትልልቆቹ ግን ይዩትና ይከራከሩበት። ካነሳችሁትም የፈረሰኛውን ገመድ አወራወር ብቻ ሳይሆን የጥጃውንም ፊት አንሱ፤ እዚያ የነበረው ሁለቱም ነው።

በመጨረሻ የልጆቹ ተራ አለ። በብዙ ሮዲዮዎች አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ሄልሜት አድርገው በግ ይጋልባሉ። ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የክብደት ገደብም አለው። የሌላ ሰው ልጅ ከሆነ ወላጁን ሳትጠይቁ አታንሱ። የራሳችሁ ከሆነ ደግሞ በጉ ላይ እያለ ብዙ አትድከሙ፤ ሁለት ሰከንድ ቢቆይ ነው። የምትፈልጉት ፎቶ አሸዋ ከአፉ እየተፋ ተነስቶ በሕዝቡ መሃል እናቱን የሚፈልግበት ነው። እናት ከሆናችሁ ካሜራውን ለአባትየው ስጡት።